መቅኔው ከተተከለ በኋላ ያለውን ጊዜ ማን ይሸከመዋል?

ደሴ ፒያሳ ላይ የታማሚ ፎቶ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ እርዳታ እየጠየቀ ሲያልፍ እጁን ወደ ኪሱ የማይሰድድ ሰው ጥቂት ነው። ቅሬው (እድሩ) ያዋጣል፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ያዋጣሉ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ያስቆርጣሉ። የእህቴ ልጅም ለደም ካንሰር የመቅኔ ንቅለ ተከላ ወደ ሕንድ የሄደችው በዚሁ መዋጮ ነው። መቅኔውን የሰጣት ታላቅ ወንድሟ ነው። ከወራት በኋላ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ስትደርስ በእልልታ ተቀበልናት፤ "ዳነች" አልን። ያን ቃል ቸኩለን ተናገርነው።

በተመለሰች በሦስተኛው ሳምንት መዳፏና ውስጥ እግሯ ቀላ፤ ያሳክካትም ጀመር። አንድ የግል ክሊኒክ "አለርጂ ነው" ብሎ ቅባት ሰጣት። ከአምስት ቀን በኋላ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ተከተለ፣ የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆነ። ቆዳ፣ አንጀት፣ ጉበት በአንድ ሳምንት ውስጥ ተያያዙ። አዲስ አበባ ስናደርሳት ሐኪሙ ገና መዳፏን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

በኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚፈራው የታማሚው ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው ነው። በመቅኔ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መቅኔ የበሽታ ተከላካይ ሴሎች መፍለቂያ በመሆኑ፣ ከለጋሹ የመጡት ሴሎች የገቡበትን ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊያጠቁት ይችላሉ፤ የእህቴን ልጅ የያዛትም ይኸው ነበር። ለመቅኔ ልገሳ የሚታየው ኤችኤልኤ የተባለው የሴሎች መለያ ነው፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች በእሱ ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ወንድሟ ገጥሟት ነበር። ሙሉ በሙሉ ቢገጥም እንኳ ከኤችኤልኤ ውጪ ያሉ ጥቃቅን ልዩነቶች ጥቃቱን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

ታዲያ ሴሎቹን ለምን ፈጽሞ ዝም አያሰኟቸውም? እኔም ጠይቄ ነበር። እነዚሁ ሴሎች ተደብቆ የቀረ የካንሰር ሴልንም አሳደው ይገድላሉ፤ እነሱን ማጥፋት ካንሰሩ እንዲመለስ በር መክፈት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒቱን በልክ ያስኬዳል። ሴሎቹን የሚያረጋጋው ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት በደም ውስጥ ሲያንስ ጥቃቱ ይነሣል፣ ሲበዛ ኩላሊትን ይጎዳል። ጥቃቱ ከተነሣ ቀድሞ የሚሰጠው ስቴሮይድ ነው፤ እሱ ሳይሠራ ሲቀር እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ለዚሁ ችግር የፈቀደችው ሩክሶሊቲኒብ የሚባል ኪኒን አለ፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። መኪናው በፒያሳ ሲዞር ስለዚህ ወጪ አንድም ቃል አልተነገረም።

የእኛ ፍቅርም ጎድቷታል። የወሎ ሰው ታማሚ ሲጠይቅ ከደጅ አይመለስም፤ ልጅ ያዘለችው፣ ጉንፋን የያዘው፣ እርጎ በቅል የያዘችው ሁሉ ገብቶ "አብሽሪ" እያለ ይስማታል። እሷ ግን ከበሽታ መከላከል አንጻር እንደ አዲስ የተወለደች ናት። በሕፃንነቷ የተከተበችው ክትባት ስለማይቆይላት እንደገና መከተብ አለባት፤ የኩፍኝ ዓይነቱ ሕያው ክትባት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠብቃል። እናቴ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከግቢው መሃል ወንበር አውጥታ ወደ ጦሳ ተራራ ፊቷን አዙራ እያስቀመጠች ፀሐይ ታሞቃት ነበር። በደሴ ብርድ ከዚህ የበለጠ ምን ደግነት አለ? ፀሐይ ግን የቆዳውን ጥቃት ሊያስነሣ ይችላል። ይህን ለእናቴ የነገራት ማንም አልነበረም።

"ለጥቂት ታማሚ ይህን ያህል?" የሚል ይኖራል። ከተማው እኮ ለእነዚህ ጥቂት ሰዎች ገንዘቡን አውጥቷል። ያንን ሁሉ አውጥቶ ልጅቷን ለአለርጂ ቅባት መተው ለእኔ አይዋጥልኝም። የመዋጮ ኮሚቴዎች ሒሳብ ሲያወጡ የቀጣዩን ሁለት ዓመት መድኃኒት፣ ምርመራና ጉዞ ከመጀመሪያው ይጨምሩ። የደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፎ እንደገና የቆመ ነው፤ ተመላሽ ታማሚዎችን የሚመዘግብ አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ መመደብ፣ አዲስ አበባና ውጭ ካሉት ሐኪሞች ጋር በስልክ ማገናኘት፣ የደም ናሙና እዚሁ ወስዶ መላክ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። የክሊኒክ ባለሙያዎችም "ንቅለ ተከላ አድርገሻል ወይ?" ብለው መጠየቅን ይልመዱ።

የሳይክሎስፖሪን መጠን የሚለካው የጠዋቱ ኪኒን ከመዋጡ በፊት በተቀዳ ደም ነው። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ቀጠሮ ሲደርስ አንድ ቀን ቀድማ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና በሐረጎ ቁልቁለት ትወርዳለች፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ አዲስ አበባ ታድራለች። በማግስቱ ጠዋት ኪኒኗን በመሐረብ ቋጥራ ከላቦራቶሪው በር ተራ ትጠብቃለች።