ጣሪያ የሌላት ጀልባ ምን ክብር አላት?

እሁድ እሁድ ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወርድ ሰው ሳያደንቀው የማይመለሰው ነገር ቢኖር የትናንሽ ጀልባዎቻችን ጣሪያ ነው። ቀድሞ ፀሐይ ሲበረታበት ነጠላውን ተከናንቦ ይሳፈር የነበረው ሕዝብ፣ ዛሬ በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአራት የብረት ምሰሶና በጎን መጋረጃ ተከብሮ ሲንሳፈፍ ማየት በእውነት ያኮራል።

ጥበቡ የሚጀምረው ኮምቦልቻ፣ ብየዳ ቤት ነው። ባለ ጀልባው ሜትር ዘርግቶ የቆመውን በያጅ «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ ወንድምዓለም፣ እንግዳ አጎንብሶ አይገባም» ይለዋል። በያጁም «እሺ ጋሼ፣ ቱቦላሬውንም ወፈር እናድርገው፣ ነፋስ እንዳይነቅለው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አርቀው አስበዋል፤ ነፋሱ ጣሪያውን ከጀልባዋ እንዳይነጥል ተጠንቅቀዋል። ጀልባዋን ከነጣሪያዋ ስለ መገልበጥ ማሰብ ደግሞ የነፋሱ ድርሻ ነው።

አንዳንድ ጨቅጫቆች እዚህ ላይ የፊዚክስ ትምህርታቸውን ያመጣሉ። ትንሽ ጀልባ ወደ ጎን ስታዘነብል መልሶ የሚያቀናት፣ ወደ ውሃው የገባውን ጎኗን ከሥር የሚገፋው ኃይል ነው፤ ይህም የሚሠራው የክብደቷ ማዕከል ዝቅ ብሎ እስካለ ድረስ ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የማቃናቱ ጉልበት እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ያው ክብደት ራሱ ገልባጭ ይሆናል ይላሉ። ጣሪያ ካማራችሁ ጀልባዋን አስፉ፣ በውሃው ላይ ያላት ስፋት እጥፍ ቢሆን ከቅርጿ የምታገኘው መረጋጋት ስምንት እጥፍ ያድጋልና ብለውም ይመክራሉ። ስፋት ግን ፎቶ ላይ አይታይም፤ ጣሪያ ይታያል።

መጋረጃውም የራሱ ውዳሴ ይገባዋል። ከጎን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 4 ካሬ ሜትር መጋረጃ ሲያገኝ ወደ 40 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ጉልበት ይገፋዋል፤ ያውም ከውሃው ከፍ ብሎ፣ ለመገልበጥ በሚያመቸው ቦታ። ነፋሱ እጥፍ ሲፈጥን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሐይቃችን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በዚህ በኩል የቦታ ጥበት አያሳስብም።

ከሁሉም የሚያስደምመው ግን የመንሳፈፊያ ሰደርያዎቹ አቀማመጥ ነው። ላስቲካቸው እንኳ ሳይቀደድ ከጣሪያው ሥር በገመድ ተጠፍረው፣ ከትልቁ ስፒከር ጎን ተሰቅለዋል፤ ማለትም የደኅንነት ዕቃው ራሱ ጀልባዋን ከላይ ለማክበድ የአቅሙን ያዋጣል። የእስጢፋኖስ ገዳም ብቅ ሲል ደግሞ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ በአንድነት ተነሥቶ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። በሌላ ጉዳይ እንዲህ ተስማምተን አናውቅም።

ፈረንጆቹ ይህን ሞክረውት አልቻሉበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 በኒውዮርክ ግዛት፣ በጆርጅ ሐይቅ ላይ «ኢታን አለን» የተባለች የሽርሽር ጀልባ 48 ሰዎችን ጭና ስትሄድ ተገልብጣ 20 ሰዎች ሞቱ። የሸራ ጣሪያዋ ከዓመታት በፊት በእንጨት ተተክቶ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ግን መረጋጋቷን ዳግም የለካ አልነበረም። መርማሪዎቹ በኋላ ሲያሰሉት መጫን የነበረባት 14 ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአርካንሶ ግዛት ስለ ሰጠመችውና 13 ሰዎች ስላለቁባት ሌላ የሽርሽር ጀልባም መርማሪዎች የሟቾቹን ቁጥር ካበዙት ምክንያቶች አንዱ ተሳፋሪውን ከሥሩ ያስቀረው ጣሪያ ነው ብለዋል። በእኛዎቹ ጀልባዎች ሰደርያ የለበሰ ሰው የለምና ወደ ላይ ተንሳፍፎ ከቆርቆሮው ጋር የሚላተምም አይኖርም።

አሁን የሚወራው ደግሞ ከጣሪያው ላይ ወጥቶ ለመቀመጥ መሰላልና የእጅ መደገፊያ እንደሚበየድ ነው። ሐሳቡን በሙሉ ልብ እንደግፋለን። ላይኛው መቀመጫ ትንሽ ጨመር ያለ ሒሳብ ይኖረዋል፤ ታችኛው ለአዛውንቶችና ለሕፃናት ይተዋል፤ ስፒከሩም ድምፁ ወዲያ ማዶ ድረስ እንዲሰማ ወደ ላይ ይወጣል።