ማስተካከያ፦ እቴጌ ጣይቱ የንግሥት ዘውዲቱ እናት አይደሉም

ባለፈው ስለ ሁለቱ ሴቶች በጻፍኩት ላይ «ጣይቱ ልጃቸውን ዘውዲቱን ለዙፋን አበቁ» ብያለሁ። ስህተት ነው። ጣይቱ ለዘውዲቱ እንጀራ እናት ነበሩ።

የዘውዲቱ ወላጅ እናት ከወሎ ባላባት ቤት የሆኑት ወይዘሮ አብቺው ናቸው። ዘውዲቱ የተወለዱት በ1868 ነው፤ ጣይቱ ምኒልክን ያገቡት ደግሞ በ1875። (ዓመቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ልጅቷ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር ማለት ነው። ጣይቱ ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። ይህን ከዘመኑ ዜና መዋዕልና ከነገሥታቱ የትውልድ ሐረግ አመሳክሬያለሁ።

ትንሽ ስህተት ትመስላለች፣ ግን ጉድ ታመጣለች። የዘውዲቱ ባል ራስ ጉግሣ የጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ልጅ ናቸው። በእኔ አጻጻፍ ከሄድን ዘውዲቱ የገዛ አጎታቸውን ልጅ አገቡ ማለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሕግ የማይታሰብ። በእውነቱ ግን ጋብቻው ጣይቱ የእንጀራ ልጃቸውን ከራሳቸው ወገን ጋር ያስተሳሰሩበት ነው። የሴትዮዋ የፖለቲካ ብልሃት ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

«ለዙፋን አበቁ» ያልኩትም አይሆንም። ጣይቱ ከሥልጣን የተገለሉት በ1902 ነው። ዘውዲቱ የነገሡት ልጅ ኢያሱ ከወረዱ በኋላ፣ በ1909፣ በምኒልክ ልጅነታቸው ነው።

የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ። ያጋራችሁት ካላችሁ በታረመው ተኩልኝ።