ሁሉም ሽቦ ቀይ ነው

ዛሬ ልተንፍስ። ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ሰው አልቋል። ባለቤቴ «ስለዚያች መኪና ደግመህ ብታነሳ…» ብላ ሳትጨርስ ተነስታ ሄዳለች። የሰለቸው ወደ ታች ያሳልፈው፤ አልቀየምም።

ባለፈው ዓመት እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ ቢጫ ስፖርት መኪና ገዛሁ። ጣሪያዋ ወገቤ ጋ ነው የሚደርሰው። ጋራዡ ውስጥ 14 ዓመት ቆማለች። «ስትቆም ግን ትሠራ ነበር» አለኝ ሽማግሌው። ይህችን አነጋገር ልብ በሉልኝ። የቆመ መኪና የሚሸጥ ሁሉ የሚላት ናት። ሟቹ እስኪሞት ድረስ ጤነኛ ነበር እንደማለት ነው።

መኪናዋ ደግሞ ከፋብሪካ ተገጥማ የወጣች አይደለችም። ኪት ናት። ለማያውቅ ላስረዳ። አሮጌ ቮልስ ይገዛል። ቦዲው ተነቅሎ ይጣላል። ሻሲው ከነሞተሩ ይቀራል። ከዚያ በሳጥን የመጣ የፋይበርግላስ ቦዲ ይጫንበታል። ብሩስ ሜየርስ የሚባል ካሊፎርኒያዊ በ1960ዎቹ ሜየርስ ማንክስ የተባለችውን የአሸዋ መኪና በዚህ ዓይነት ዘዴ ሠራ። ከዚያ በኋላ አሜሪካኖቹ አበዱ። በ1970ዎቹ የመጽሔት ማስታወቂያ አይቶ፣ ገንዘብ ልኮ፣ ቅዳሜና እሑድ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ «ፌራሪ» የሚገጥም ሰው ሞልቶ ነበር። ከላይ ፌራሪ፣ ከታች ቮልስ።

እኔን የበላኝ «ቮልስ» የሚለው ቃል ነው። አባቴ አዲስ አበባ ቮልስ ነበረው። ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችው የዕቃ ቦታ ውስጥ ተጣጥፌ ነው ያደግኩት። እሑድ ጠዋት ካንዴላ ሲያጸዳ ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ። «ወዲህ አብራ! የት ነው የምታየው አንተ ልጅ!» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ቮልስ አውቃለሁ አልኩ። ባትሪ ማብራት እንደ እውቀት ከተቆጠረ ማለቴ ነው።

ሐቁን ለመናገር የቮልሱ ወገን አላስቸገረኝም። አንድ ጋሼ አሉ፣ ጡረታ የወጡ፣ ሰፈራችን የሚኖሩ። አዲስ አበባ እያሉ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቮልስ ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። መጥተው አዩዋትና መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሞተሩን አዩና ዝም አሉ። ከዚያ «ይውረድ» አሉ። ሞተሩን የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። አወረድነው። የማቀዝቀዣው ቤት ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች። ጎጆ ስላችሁ ኮንዶሚኒየም በሉት። የቮልስ ሞተር ውኃ የለውም፣ ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነው። ያንን ጎጆ ሳናወጣ ብናስነሳው ኖሮ ሞተሩ ተቀቅሎ ነበር።

ቤንዚኑ ወደ ሙጫነት ተቀይሯል። ሽታው የአሮጌ ቀለም ሽታ ነው። እዚህ አገር ቤንዚን ውስጥ አልኮል ይጨመራል፤ ውኃ ይስባል፣ የድሮ ላስቲክ ይበላል። የነዳጅ ቱቦዎቹን በጣቴ ስጫን እንደ ብስኩት ተፈረፈሩ። ካርቡሬተሩን ፈትተን አጠብን። የፑንቲናውን፣ ማለትም የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረውን መቁረጫ፣ ክፍተት ጋሼ በዓይናቸው ለኩት። እኔ አላምን ብዬ በመለኪያ ብሞክረው 0.4 ሚሊሜትር! ልክ መጽሐፉ የሚለው ነው። ምንም አልተናገሩም። አስተያየታቸው ግን በቃኝ።

ፍሬኑ ደግሞ ይይዛል፣ አይለቅም። የጎማ ቱቦው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ከውስጥ አብጦ ተደፍኗል። በእግር ሲረገጥ ዘይቱ በግድ ያልፋል፣ መመለሻ ግን የለውም። የመንኮራኩሮቹ ጎማ ጥርሱ አላለቀም። ደስ አለኝ። ከዚያ ጎሚስታው ጎኑን አነበበና ጓደኞቹን ጠራቸው። ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ ላይ ሳምንቱና ዓመቱ በአራት አሃዝ ይጻፋል። የኔዎቹ ላይ ያለው ሦስት አሃዝ ነው። ጎማዎቼ ከጎሚስታው ይበልጣሉ።

ይሄ ሁሉ ግን ገንዘብና ጉልበት እንጂ ብሶት አይደለም። የቮልስ ዕቃ አሜሪካ ውስጥ እንደ በርበሬ ነው። ታዝዛለህ፣ በሁለት ቀን ደጅህ ላይ ነው። ያስቸገረኝ ስሙ ብቻ። እኔ ከአባቴ የተማርኩት በጣሊያንኛው ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚኒ ነው። ስልክ ደውዬ የሞተር ማስነሻውን ሳላስበው «ሞተሪኖ» ብለው ሻጩ ዕቃ ነው ወይስ ፓስታ ብሎ ጠየቀኝ።

ብሶቴ ሌላ ነው። ብሶቴ ቦብ ነው።

ቦብ ማለት ይህችን መኪና የገጠማት ሰው ነው። ስሙን አላውቅም፤ ሽማግሌውም አያውቁም፣ እሳቸው ሦስተኛ ገዢ ናቸው። ቦብ ያልኩት እኔ ነኝ። የምሰድበው ሰው ስም ያስፈልገዋላ! ፋብሪካ ያመረተው መኪና ሲበላሽ መጽሐፉን ትገልጣለህ፤ ይህ ሽቦ ወዲህ፣ ያኛው ወዲያ ይሄዳል ይልሃል። ኪት ላይ መጽሐፉ ያለው ቦብ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ቦብ ደግሞ የለም። ቦዲውን የሸጠለት ድርጅትም ከተዘጋ ስንት ዘመኑ።

ቦብ መኪናዋን በሙሉ በቀይ ሽቦ ነው የዘረጋው። በሙሉ! የፊት መብራት ቀይ። ፍሬቻ ቀይ። ክላክስ ቀይ። ኔጋቲቩ ራሱ ቀይ። አንድ ጥቅል በቅናሽ አግኝቶ መሆን አለበት። የብረት መኪና ቢሆን ይህን ያህል ባልተቃጠልኩ፤ ቦዲው ራሱ ኔጋቲቭ ነው፣ አምፖሉን ብረቱ ላይ ካሰርከው አለቀ። ፋይበርግላስ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ለእያንዳንዷ አምፖል እስከ ሻሲው ድረስ መመለሻ ሽቦ መዘርጋት አለበት። ቦብ ለግማሾቹ ዘረጋ፤ ለግማሾቹ የደከመው ይመስለኛል። ውጤቱን ልንገራችሁ። ፍሬን ስረግጥ የቀኝ ፍሬቻ ይበራል። የግራ ፍሬቻ ሳበራ የሰሌዳው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። መሪውን ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ ክላክሱ ይጮኻል። ጎረቤቴ ሰላም የምለው መስሎት እጁን ያወዛውዛል።

አንድ ቅዳሜ ከዳሽቦርዱ ሥር ተጋድሜ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ አገኘሁ። ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። መቼም ፍንጭ ነው ብዬ በመብራት ጠጋ ብዬ አነበብኩት። «ለጊዜው» ይላል። ለጊዜው! ቦብዬ፣ ሃምሳ ዓመት ሆነው እኮ።

የሻሲ ቁጥሩም አለ። ቮልስ ላይ ቁጥሩ የሚታተመው ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐሉ ላይ ባለው ከፍ ያለ ብረት ላይ ነው። ሊብሬው «1969 ቮልስዋገን» ይላል፤ ፊት ለፊት የቆመችው የጠፈር መንኮራኩር ትመስላለች። ቁጥሩን አሳይ መባሌ አይቀርም። ቦብ ግን እዚያ ላይ ምንጣፍ ለጥፎ፣ በላዩ ፋይበርግላስ አፍስሶበታል። ለምን? ምን በደለው ቁጥሩ? ሁለት ቀን ፈገፈግኩት። ጭንብል አድርጌም ሲያሳክከኝ ሰነበተ። ደግነቱ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ገጠመ።

ከዚያ ምርመራ። ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ መኪና ይመረመራል፤ አገር ቤት ለቦሎ እንደምንሰለፈው ማለት ነው። «የአንቲክ፣ የአሮጌ መኪና ሰሌዳ አውጣና ከምርመራው ተገላገል» የምትሉኝ አላችሁ፤ አውቃለሁ። በዚያ ሰሌዳ ግን እንደ ዘወትር መኪና መንዳት አይፈቀድም። እኔ ደግሞ ሥራ ይዣት ልሄድ ነው የለፋሁት፤ ሸፍኜ ላያት አይደለም።

መርማሪው ጥሩ ልጅ ነው። ሥራውን ነው የሠራው። ፍሬን፣ ደህና። ጎማ፣ ደህና። መብራት፣ ጋሼና እኔ ሦስት ሳምንት የማሰንንበት ነውና ደህና። ክላክስ፣ ጮኸ፤ ሲጫኑት ብቻ። ላቤን ጠረግኩ። ከዚያ የዝናብ መጥረጊያውን አበራው። አንዴ ሄደ። መሐል ላይ ቆመ። ከዳሽቦርዱ ሥር ትንሽ ጭስ ወጣ። ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ጣሪያው።

መስታወቷ ላይ የመውደቂያዋን ተለጣፊ ለጠፈልኝ። 15 ቀን አለህ አለኝ። አሥራ አንደኛው ትናንት አለፈ።

ትናንት ማታ መጥረጊያውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ደህና ነው። የተቃጠለው የቦብ ሽቦ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ጭነት ቀጭን ነበር። አዲስ ወፍራም ሽቦ ዘርጋ፣ ኔጋቲቩን በጥቁር ለይ አሉኝ ጋሼ በስልክ። ተነስቼ ሄድኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሱቁ ሊዘጋ ነው። በምፈልገው ውፍረት የቀረው አንድ ጥቅል ብቻ ነበር።

ቀይ።

ገዛሁት። ምን ላድርግ? መጥረጊያው ይሠራል። ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ፕላስተር ጠቅልዬ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ምርመራውን ስታልፍ እቀይረዋለሁ።