ልጅዎን ቫዮሊን ክፍል አድርሰው አይመለሱ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ከቫዮሊን ትምህርት ስንወጣ አንድ ወዳጄ በር ላይ አገኘንና፣ «አንተ ደግሞ ከሕፃን ጋር ገብተህ የምትቀመጠው ለምንድን ነው? እኔ ገንዘቤን ከፍያለሁ፤ ማስተማሩ የአስተማሪዋ ሥራ ነው» አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም። የእሱም ልጅ አምስት ዓመቱ ነው፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን እያየ ይጠብቀዋል። እዚህ ሜሪላንድ የምንኖር አበሾች ልጆቻችንን ዋናም፣ ኳስም፣ የሒሳብ ማጠናከሪያም የምንወስደው እንዲሁ ነው፤ አድርሰን፣ ጠብቀን፣ ይዘን እንመለሳለን። ለዋና ያስኬድ ይሆናል። ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ቫዮሊን ግን አያስኬድም። በር ላይ ቆሜ ለወዳጄ በቅጡ ላስረዳው ያልቻልኩትን እዚህ ልበለው።

ልጄ የምትማረው ሱዙኪ በሚባለው ዘዴ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስና፣ ሺኒቺ ሱዙኪ በ1898 ጃፓን ውስጥ ናጎያ ከተማ ተወለደ። አባቱ የቫዮሊን ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ልጁ ግን በቫዮሊን ተከቦ አድጎ እንኳ መጫወት የጀመረው 17 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ የታዋቂውን የቫዮሊን ተጫዋች የሚሻ ኤልማንን ሸክላ ሰምቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ቫዮሊን ለእሱ መጫወቻ እንጂ እንዲያ ያለ ድምፅ የሚወጣው ነገር አልነበረም። በኋላ በርሊን ሄዶ ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከካርል ክሊንግለር ዘንድ ተማረ። አገሩ ከተመለሰ በኋላ አንድ አባት የአራት ዓመት ልጁን ይዞ መጣና አስተምርልኝ አለው። ይህን የሚያህል ሕፃን እንዴት ተደርጎ ይማራል ብሎ ሲያስብ፣ ሁላችንም ስናየው የኖርነውን ነገር እንደ አዲስ አየው፦ የጃፓን ልጅ ሁሉ ጃፓንኛ ይናገራል። ሰነፍ የተባለውም፣ ተሰጥኦ የለውም የተባለውም አስቸጋሪውን ቋንቋ ያለ ችግር ያወራል። ታዲያ ቋንቋ በተማረበት መንገድ ሙዚቃ ለምን አይማርም? ያ የአራት ዓመት ልጅ ቶሺያ ኤቶ ነበር፤ አድጎ ስመ ጥር የቫዮሊን ተጫዋች ሆነ። ሱዙኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ ማትሱሞቶ በምትባል ከተማ ማስተማሩን ቀጥሎ በ1998 እስኪያርፍ ድረስ በዚያው ጸና።

ዘዴውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ዘዴ ይሉታል። ይህ ስም በአማርኛ የበለጠ የሚያምር ይመስለኛል፤ የልጁን አፍ የሚፈታው ማን እንደሆነ እናውቃለንና። አስተማሪ አይደለም። ቀኑን ሙሉ «እማ በይ፣ አባ በይ» የሚላት ቤተሰብ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ልጄ ቫዮሊን አልተሰጣትም። የተሰጣት እንደ ቫዮሊን የምትይዘው፣ ማስመሪያ የተለጠፈበት የብስኩት ካርቶን ነው። ቫዮሊኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወላጁ ቀድሞ አንዲት አጭር ዜማ መጫወት እስኪችል ልጁ እያየ ይቆያል፤ ሱዙኪ ራሱም እናቶችን ያስጀምር የነበረው እንዲህ ነው። አስተማሪዋ ቀኝ እጄን ይዘው ደጋኑን እንዴት እንደምጨብጥ አሳዩኝ፦ አውራ ጣት ጎበጥ ብሎ፣ ትንሿ ጣት እንጨቱ ላይ እንደ ቅስት ቆማ፣ መሐል ያሉት ጣቶች ሳይጨብጡ ዘና ብለው። ቀላል ይመስላል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መዳፌ ደነዘዘ። ልጄ ካርቶኗን አገጯ ሥር ይዛ ትመለከተኛለች። በአሥረኛው ቀን ማታ፣ ሳሎን ውስጥ እየተለማመድኩ እያለ ካርቶኗን ወንበር ላይ አስቀምጣ መጣችና፣ «አባዬ፣ አሁን የእኔ ተራ ነው» አለችኝ። ለአስተማሪዋ ስነግራቸው ፈገግ ብለው፣ «ይህችን ቃል ነበር የምጠብቀው» አሉና በሚቀጥለው ሳምንት ክንዷን ዘርግተው ለክተው ለትንሽ ልጅ የሚሆነውን፣ 1/16 የሚባለውን መጠን ቫዮሊን ሰጧት። አሁን የምትለማመደው ተገዳ ሳይሆን ለምና ባገኘችው ነገር ነው። መኪና ውስጥ ብቀመጥ ኖሮ ይህ ከየት ይመጣል?

ሌላው ምክንያት የጊዜ ነገር ነው። አስተማሪዋ ልጄን የሚያገኟት በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው፤ ስድስቱን ቀን ያለችው ከእኔ ጋር ነው። የአራት ዓመት ልጅ ማክሰኞ ዕለት «ቅዳሜ አስተማሪዬ አውራ ጣትሽን አጉብጪ ብለውኛል» ብላ አታስታውስም። ጣቷ ቀጥ ብሎ ስድስት ቀን ከተለማመደች ደግሞ እጇ የሚለምደው ያንኑ ቀጥ ያለውን ነው። ልምምድ ትክክሉንም ስህተቱንም እኩል ያጸናል። ለዚህ ነው ክፍሉ ውስጥ ደብተርና እርሳስ ይዤ የምቀመጠው፤ የምጽፈውም የዜማ ስም ሳይሆን «ግራ ትከሻ ዝቅ፣ ደጋኑ ከድልድዩ (ክሮቹን ደግፎ ከሚያቆመው እንጨት) ራቅ» የሚል ነው።

አብሮ መቀመጥ ማለት ግን መቆጣጠር ማለት አይደለም። ይህን የተማርኩት ልጄን አስለቅሼ ነው። አንድ ሐሙስ ማታ በአንድ ትንፋሽ ስለ ጣቷም፣ ስለ ክርኗም፣ ስለ አቋቋሟም አረምኳት። ቫዮሊኗን አልጋ ላይ በጥንቃቄ አስተኝታ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ እራት እስኪቀርብ አልወጣችም። አስተማሪዋ ሲሰሙ አልተቆጡኝም፤ «በቀን አንድ ነገር ይምረጡ፤ ሌላውን እንዳላዩ ይለፉት» አሉኝ። በማግስቱ ያየሁት አውራ ጣቷን ብቻ ነው። ክርኗ እየወደቀ አለፍኩት፤ ዝም ማለት ከመናገር የበለጠ ከበደኝ። እኛ በቁንጥጫና በ«ተው! አይደለም!» ያደግን ሰዎች ነንና፣ ለወላጆች ከሙዚቃው ይልቅ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል።

አሁን ለወዳጄ የምለውን ዋና ነገር ላምጣ። ወዳጄ ልጁን በሳምንት አንድ ቀን አማርኛ ትምህርት ያደርሳል። ልጁ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ፊደሉን ያነባል፤ አያቱ ከአዲስ አበባ ሲደውሉ ግን «ደህና» ብሎ ስልኩን ለአባቱ ይመልሳል። ቤት ውስጥ የሚነገረው እንግሊዝኛ ነው። ወዳጄ በዚህ ሲያዝን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ቋንቋ በሳምንት አንድ ቀን አድርሶ በመመለስ እንደማይገኝ እንደ ዲያስፖራ ወላጅ የሚያውቅ የለም። ቫዮሊንም ያው ነው። ቁርስ ላይ የሚከፈተው ሙዚቃ፣ ማታ የምትደረገው አሥር ደቂቃ፣ አባት ደጋን ይዞ መታየቱ፣ እነዚህ ናቸው አፍ የሚፈቱት።

ነገሩ ለእኛ ባዕድም አይደለም። የአዝማሪ ልጅ ማሲንቆ የሚማረው ከቤቱ ነው። ኖታ የለም፣ መዝገብ የለም፤ አባቱ ወይም አጎቱ በፈረስ ጭራው ደጋን ያችን አንዲት ክር ሲስባት እየሰማ ያድጋል፣ እጁ ሲደርስ ይሞክራል፣ ሲሳሳት ጆሮው ይነግረዋል። ሱዙኪ ከጃፓን ተነሥቶ የደረሰበት ቦታ ጎንደር ውስጥ ስንት ትውልድ ሲኖርበት የቆየ ነው። ልጄ ደጋኗ ላይ ያለው የፈረስ ጭራ መሆኑን ስታውቅ ማሲንቆ በቪዲዮ አሳየኋት፤ «የእኔ ዘመድ ነው» አለች። ልክ ናት።

«ሙዚቃ አላውቅም» ለሚል ወላጅ፦ እኔም አላውቅም ነበር፤ ልጁ የሚማረውን እዚያው ተቀምጠው ይማሩታል። ዋጋውን በተመለከተ፣ ትንሽ ቫዮሊን አይግዙ፣ ይከራዩ፤ ልጅ ስታድግ ከ1/16 ወደ 1/10፣ ከዚያ ወደ 1/8 ትቀይራለችና። ሁለት ሥራ ለሚሠራ፣ ሌሊት ገብቶ ለሚያድር ወላጅ ግን ይህን ሁሉ በቀላሉ ማለት አልችልም። አያት ወይም አክስት ቤት ካለች እሷ ትቀመጥ፤ ዋናው ያው አንድ ሰው ሁልጊዜ መኖሩ ነው። አባቶች ደግሞ ይህን እንደ ሌላው ሁሉ ለእናት አንተውባት። እኛ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡት ወላጆች ወንዱ እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ወዳጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። አስተማሪዋን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ደስ ይለኛል ብለዋል። ደብተርና እርሳስ ይዘህ ና፣ ስልኩን መኪናው ውስጥ ተወው።