እርማት፦ ጌትዌዩ አረጋገጠ ማለት ሄደሩ ይታመናል ማለት አይደለም

«ኤፒአይ ጌትዌዩ (ከውጭ የሚመጣው ጥያቄ መጀመሪያ የሚያልፍበት በር) ቶክኑን (የተጠቃሚውን ዲጂታል ማለፊያ) ካረጋገጠ፣ ከኋላ ያሉት ሰርቪሶች (የሲስተሙ ክፍሎች) ተጠቃሚው ማን እንደሆነ የሚናገረውን ኤክስ-ዩዘር-አይዲ የሚለውን ሄደር አንብበው ማመን ይበቃቸዋል» ያልከው ልክ አይደለም ወንድሜ። ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል። ሄደር እኮ ከጥያቄው ጋር የሚላክ ተራ ጽሑፍ ነው፣ ማንም ይጽፈዋል። እዚህ ጅማ ለቡና ነጋዴዎች በሠራነው ሲስተም የክፍያው ሰርቪስ ፖርት (የመገናኛ በሩ) ከውጭ ክፍት ቀርቶ ነበር፤ ከላፕቶፔ በኩርል (ጥያቄ መላኪያ ፕሮግራም ነው) ኤክስ-ዩዘር-አይዲ 1 ብዬ ብልክ፣ ያለ ምንም ቶክን የአድሚኑን ሂሳብ ዘርግፎ አሳየኝ። በጣም ደነገጥኩ። ጌትዌዩ ከደንበኛው የመጣውን ተመሳሳይ ሄደር መጀመሪያ ያጥፋና የራሱን ይጻፍ፣ ሰርቪሶቹም ከጌትዌዩ በቀር ማንንም አይቀበሉ፤ ለዚህ ሁለቱም ወገን በሰርተፍኬት ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ኤምቲኤልኤስ አለ። የሚሻለው ግን የተፈረመ ጄደብሊውቲ (የተጠቃሚውን መረጃ በውስጡ የያዘ ቶክን) ማሳለፍ ነው። እያንዳንዱ ሰርቪስ ፊርማውን፣ የሚያበቃበትን ጊዜና ለየትኛው ሰርቪስ እንደተሰጠ ራሱ ያያል። ፊርማውን ለማረጋገጥ የቶክኑ አውጪ ፐብሊክ ኪ (ለሁሉም የሚሰጥ የማረጋገጫ ቁልፍ) ይበቃል፣ በየጥያቄው ወደ ሎጊን ሰርቨሩ መመላለስ የለም።