ለአንድ ጥንድ ጓንት አራት ፊርማ

የቀኝ እጄ ጓንት ከተቀደደ ዛሬ 12 ቀን ሆነው። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ሥር ያለው ስፌት ተተረተረ፤ ከዚያ ቆዳው ተሰነጠቀ፤ አሁን ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኗል። ላሜራ ስቆርጥ የእሳት ፍንጣሪው ሌላውን ቦታ ሁሉ ትቶ በዚያች ቀዳዳ ይገባል። መዳፌ ላይ ሰባት ጥቋቁር ነጥቦች አሉ። ትናንት ማታ ቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ ቆጠርኳቸው።

የምሠራው ኮምቦልቻ በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። ቤቴ ደሴ ስለሆነ በየቀኑ የሐረጎን ተራራ ወጥቼ እወርዳለሁ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት በጉም፣ ማታ በጨለማ። ስለ መንገዱ አላማርርም፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። የማማርረው ሥራ ቦታዬ ከደረስኩ በኋላ ጓንት ለማግኘት ስለምጓዘው መንገድ ነው፤ እሱ ከሐረጎ ይረዝማል።

ለፎርማኑ በቃል ነገርኩት፤ ጓንቱንም አሳየሁት። «አየሁት፣ ግን በጽሑፍ አቅርብ» አለኝ። ጻፍኩ፣ ፈረመልኝ። የክፍል ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለነበር በማግስቱ ፈረመ። ሰው ኃይል አስተዳደር «በዚህ በጀት ዓመት ስንት ጥንድ እንደወሰድክ ይጣራ» ብሎ ወረቀቱን ሦስት ቀን ያዘው። ቀጥሎ ንብረት አስተዳደር መፈረም ነበረበት፤ እሱም ፈረመ፣ የንብረት መጠየቂያው ቅጽ፣ ሞዴል 20፣ ተሞላ። አራት ፊርማ ይዤ ግምጃ ቤት ስደርስ ንብረት ያዧ «አሮጌውን ካልመለስክ ሞዴል 22 አልቆርጥልህም» አለችኝ፤ ዕቃ ከግምጃ ቤት የሚወጣበት ደረሰኝ ነው። አሮጌውን አወለቅሁና ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና «ግራው የታለ? የተመዘገበው በጥንድ ነው» አለች። ግራው ሥራ ቦታዬ ነበር። ሮጬ አምጥቼ ስመለስ ሰዓቱ አልፎ ግምጃ ቤቱ ተዘግቷል። በማግስቱ ደግሞ የጥያቄው ቀን ስላለፈበት ወረቀቱ ይታደስ ተባለ።

በሽቦው መስኮት በኩል ጓንቶቹ ይታዩኛል። ላስቲካቸው እንኳን ያልተፈታ፣ በደርዘን የታሰሩ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ። «እኔን አትቆጣኝ ወንድሜ፤ ኦዲት ሲመጣ አንድ ጥንድ ቢጎድል ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በእሷ አልፈርድም። የምፈርደው የጎደለ ጓንት የሚያስጠይቅበትን፣ የተቃጠለ እጅ ግን ማንንም የማያስጠይቅበትን አሠራር በሠሩት ሰዎች ላይ ነው።

እስከዚህ ያለው መንገላታት ነው፤ ይቻላል። የማይቻለው ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው ተባለና በሰልፍ ቆመን አንድ ዝርዝር ላይ ፈረምን። ስም፣ የሥራ መደብ፣ ከዚያ «መነጽር፣ ጓንት፣ የአፍንጫ መሸፈኛ፣ የደህንነት ጫማ ተረክቤአለሁ» የሚል። ከእነዚህ ውስጥ በእጃችን የነበረው ጓንቱ ብቻ ነው። «የቀረው በግዥ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» ተባልን። ጫማው ከወራት በኋላ ገባ። ያን ጊዜም ቢሆን በቅጹ ላይ የቁጥር መጠየቂያ ቦታ ስላልነበረው ሁሉም 42 እና 43 ሆኖ መጣ፤ 37 የምትጫማ እህታችን ካልሲ ደራርባ፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅጥቃ ነው የምትሄድበት። መነጽሩ አልመጣም።

ከዚያ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ዓይኑን ተመታ። የትንሹ ግራይንደር፣ የብረት መቁረጫና መሞረጃው ማሽን፣ ዲስክ በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ከእሱ የሚፈናጠር የብረት ብናኝ ዓይን እስኪጨፈን አይጠብቅም። ልጁ የቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አልጮኸም፤ «ውሃ፣ ውሃ» ብቻ ነበር የሚለው። ለዓይን ሕክምና ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሲወሰድ አብሬው ሄድኩ። ብናኙ ወጣለት፤ እያየ ነው፣ ተመስገን። ነገር ግን ስለ ሕክምና ወጪውና ስለቀረባቸው ቀናት ሲጠይቅ ያ ዝርዝር ከመዝገብ ወጥቶ ፊቱ ተዘረጋ። «መነጽር ተረክበሃል፤ ፊርማህ ይኸው፤ ያለ መነጽር የሠራኸው በራስህ ጥፋት ነው» አሉት።

አሁን ይህ ፊርማ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ጉዳት ቢደርስበት፣ ሆን ብሎ በራሱ ላይ እንዳደረሰው ሊቆጠርና አሠሪው ከኃላፊነት ሊድን ይችላል። ስለዚህ ያልተረከቡትን ተረክቤአለሁ ብሎ መፈረም ካሳን አስቀድሞ መልቀቅ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ልጁ ከተጎዳ በኋላ ነው፤ ባውቅ ኖሮ እጁን ይዤ እንዳይፈርም አደርገው ነበር።

አዋጁን አግኝቼ አነበብኩት፤ ቁጥር 1156/2011። አንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታዎች ይዘረዝራል፦ ሠራተኛው ሥራው ስለሚያስከትለው አደጋ እንዲያውቅ ማድረግ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብ፣ አጠቃቀሙን ማሳየት፣ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትን መዝግቦ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ። ልብ በሉ፣ ሕጉም ወረቀት ይፈልጋል፤ ግን ጻፍ የሚለው አሠሪውን ነው። የጉዳት መዝገቡን አሳዩን ብለን ጠየቅን። የለም። የልጁ ዓይን በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ለጓንት ግን አራት ፊርማ አለ።

አሜሪካ ስለ አደጋ መከላከያ መሣሪያ ያለው ደንብ እንኳን ከአሠሪው የሚፈልገው የተወሳሰበ ነገር አይደለም። የሥራ ቦታውን አደጋ ይገመግማል፤ ከዚያ የትኛው ቦታ እንደተገመገመ፣ ማን እንዳረጋገጠና በየትኛው ቀን እንደተገመገመ በጽሑፍ ያረጋግጣል። ለአንድ ወርክሾፕ ይህ አንድ ገጽ አይሞላም። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ከመቁረጫው እስከ ብየዳው ቢመላለስ «እዚህ ብናኝ ይፈናጠራል፣ መነጽር ያስፈልጋል፤ እዚያ ጭስ አለ፣ የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል» ብሎ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። እኛ ዘንድ ያን ግማሽ ቀን የሰጠ የለም።

ስለ ጭሱም ከተነሳ፣ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ስንበይድ ወተት ጠጡ እንባላለን። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚወርደው፤ ጭሱ የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው። በዚያ ዕለት ማታ ብርድ ብርድ እያለው፣ ትኩሳት ይዞት ያደረ ሰው ያውቀዋል። የወተቱ ገንዘብ መሸፈኛ ይግዛ።

መዝገብ አይኑር አላልኩም። ንብረት ነው፣ ይመዝገብ። ግን ጓንት የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ እንደ ወንበር በጥንድ ተመላሽ የሚደረግ አይደለም። የተቀደደውን ያየ ፎርማን በዚያው ሰዓት ፈርሞ ይስጥ፤ አንድ ፊርማ፣ የእኔም የመረከቢያ ፊርማ ዕቃው እጄ ሲገባ። ቅጹ ላይ የቁጥር ቦታ ይኑረው። ያልመጣ ዕቃ ዝርዝር ላይ አይግባ። በዚህ ዙሪያ በሌላ ቦታ የምትሠሩ፣ ያልተረከባችሁትን እንድትፈርሙ ከተጠየቃችሁ እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን መስመር አንብቡ።

የታደሰው ጥያቄዬ ዛሬም ሰው ኃይል ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰኞ አዲስ ዝርዝር እንደሚዞር ሰምቻለሁ፤ መነጽር አሁንም ተጽፎበታል። ስሜ ጋ ሲደርስ፣ ከመነጽሩ ትይዩ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ «አልተረከብኩም» ብዬ ቀኑን እጽፍበታለሁ። ልጁም እንደዚሁ ሊጽፍ ቃል ገብቶልኛል።