ሹሙ ራሱ መጥቶ ሲስቅ

እዚህ አሜሪካ ሐበሻ ተሰብስቦ የአገር ቤቱን ቴሌቪዥን ማማት ሲጀምር፣ አንድ ሰው ይህን ማለቱ አይቀርም። «እነዚህ እኮ ፕሬዚዳንቱን በስሙ ጠርተው ነው ሙድ የሚይዙበት!» ማስረጃው ሁሌም ሳተርደይ ናይት ላይቭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ቅዳሜ ማታ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከኒውዮርክ በቀጥታ የሚተላለፈው የጭውውት ፕሮግራም። ቀጥሎ ደግሞ የሳራ ፔለን ነገር ይነሳል። «ሲቀልዱባት ከርመው፣ ጭራሽ ራሷን አምጥተው አጠገቧ ሆነው ቀለዱባት። የኛ ሹም ቢሆንስ?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ለጊዜው ላቆያት። ክፍሉን ግን ሰሞኑን ደግሜ አየሁት። ኦክቶበር 18 ቀን 2008 የተላለፈው ነው። የነፃነት ማሳያ ተብሎ የሚወራለትን ያህል ስለት አላገኘሁበትም። እንዲያውም ቀልዱ የደነዘዘው በዚያች ማታ ነው ባይ ነኝ።

ላላዩት ላስታውስ። ፔለን የአላስካ ገዥ ነበረች። ጆን ማኬይን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ድንገት ምክትሉ አድርጎ አመጣት። ቲና ፌይ ደግሞ ቀደም ሲል የፕሮግራሙ ጸሐፊ የነበረች ኮሜዲያን ናት። መነጽር አድርጋ ፀጉሯን ስታሲዝ ቁርጥ ፔለንን ትመስላለች። ሴፕቴምበር 13 ላይ ኤሚ ፖለር ሂላሪ ክሊንተንን፣ ቲና ደግሞ ፔለንን ሆነው ወጡ። «ከቤቴ ሆኜ ሩሲያን አያታለሁ» የምትለዋ ንግግር የተወለደችው ያኔ ነው። ፔለን ያለችው፣ አላስካ ውስጥ ካለ መሬት ሆኖ ሩሲያን ማየት ይቻላል ነበር። ዛሬ ብትጠይቁ ግን «ከቤቴ» ያለችው ራሷ ፔለን ናት ብሎ የሚምልላችሁ ሰው ሞልቷል። ትንሽ ግፍ አለበት። ግን ቀልድ እንዲህ ሲይዝ ያስፈራል።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የመጣው ደግሞ ይበልጣል። ፔለን ከጋዜጠኛ ኬቲ ኩሪክ ጋር ቃለ ምልልስ አድርጋ ነበር። ጸሐፊዎቹ አንዱን የተምታታ መልሷን ብዙም ሳይነካኩ፣ እንዳለ ለቲና ሰጧት። ሰው የሳቀው እነሱ በፈጠሩት ነገር አይደለም። ሴትዮዋ በተናገረችው ነው። ለእኔ ያ ሁሉ ሰሞን ከተሠራው የሚበልጠው ይኼ ነው።

ከዚያ ኦክቶበር 18 መጣ። ምርጫው ሊደርስ ሦስት ሳምንት አልቀረውም። ቲና ጋዜጣዊ መግለጫ እየሰጠች ነው። ካሜራው ዞር ሲል እውነተኛዋ ፔለን ከፕሮግራሙ አለቃ ከሎርን ማይክልስ ጋር ጓዳ ቆማ ታያለች። ተዋናዩ አሌክ ባልድዊን ይመጣና ቲና መስላው ፔለንን ራሷ ፊት ያማታል፤ ማን መሆኗን ሲያውቅ ይደነግጣል። መካሻው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «በአካል ሲያዩሽ ይበልጥ ታምሪያለሽ።» ፔለን ፈገግ ትላለች። ወደ መድረክ ትወጣለች። ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ ይተላለፋሉ። ፔለን የፕሮግራሙን የመክፈቻ ጥሪ ታሰማለች፤ ጭብጨባው ይቀልጣል። በቃ።

ኋላ በዜና ቀልዱ ክፍል ላይ ፖለር የመውለጃዋ ወር ገብቶ፣ ሆዷ እየቀደማት፣ በፔለን ስም ራፕ ታወርዳለች። እውነተኛዋ ፔለን አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ወደ ላይ እያነሳች ትወዛወዛለች። ራፑ አሪፍ ነው። የዚያች ማታ ነፍስ እሱ ብቻ ነው። ግን ከራፑ ይልቅ ፔለንን እዩዋት። ምንም የሚያስጨንቃት ነገር የለም። ስለ ሥራዋ የሚጠይቃት የለም። የሰጠችውን መልስ ፊት ለፊት መልሶ የሚያሰማት የለም። «ቀልድ የሚገባት ደግ ሴት» ተብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ጣቢያው ደግሞ በተመልካች ጎርፍ ተጥለቀለቀ። ሁለቱም ተጠቃቀሙ፤ የተጎዳው ከአምስት ሳምንት በፊት ተነስቶ ሲነክስ የቆየው ጭውውት ነው።

ብልሃቱ የቆየ ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ቼቪ ቼዝ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድን ሆኖ በየደረጃው ይወድቅ ነበር። በ1976 አፕሪል ላይ የፎርድ ቃል አቀባይ ሮን ኔሰን መጥቶ ፕሮግራሙን መራ። ፎርድ ራሱም አጫጭር ንግግሮች ተቀርጾ ላከ። ትራምፕ በ2015 እጩ ሳለ ፕሮግራሙን እንዲመራ ተጋብዞ መጥቶ ስቆ ሄደ። ይኸው ትራምፕ ከዓመት በኋላ ባልድዊን እሱን ሆኖ ሲጫወት በትዊተር ያማርር ጀመር። እኔ የሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሹም ካኮረፈ ቀልዱ ደርሶታል ማለት ነው። ከሳቀ ግን ልጠራጠር።

አሁን ወደ አቆየኋት ጥያቄ። የኛ ሹም ቢሆንስ? የኛ ሹም መጀመሪያ ነገር ስሙ አይጠራም፤ ስለዚህ ለመምጣትም ምክንያት የለውም። በምትኩ ጭውውቱ ውስጥ «ኃላፊው» የሚባል ሰውዬ አለ። ቦርጭ አለው። ሱፍ ለብሷል። ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። የየትኛው መሥሪያ ቤት፣ የየትኛው ዘመን ሰው እንደሆነ አይታወቅም። ከስንት መንግሥት ጋር አብሮ የኖረ ሰው መሰለኝ። በሕግ ሳንሱር የለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። በደርግ ጊዜ ድርሰት አገላብጦ የሚሰርዘው ሰው ከቢሮው ወጥቷል። የወጣው ግን ወደ ጸሐፊው ጭንቅላት ነው።

ሹሙ ካልተነካ ታዲያ ማን ይሳቅበታል? ባላገሩ። የቤት ሠራተኛዋ። ዘበኛው። አፉ የሚይዘው ሰው። የአማርኛ አነጋገሩ ለየት ያለ ሁሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት «ፋራው ከተማ ገባ» የሚል ጭውውት ብዛቱ! ሊፍት አይቶ ይደነግጣል፤ አስፋልት መሻገር ያቅተዋል፤ እንስቃለን። አንድ ቀን ልጄ እዚህ ተወልዳ ያደገችው አጠገቤ ሆና ስታይ «አባዬ፣ ሰውዬው ምን አጥፍቶ ነው የሚስቁበት?» አለችኝ። «ከገጠር መጥቶ ነው» አልኳት። መልስ ይሆናል ብዬ ነበር። «እና?» አለች። እና ምንም። ለውጬ ሌላ ከፈትኩላት።

ይህ ሲባል ግን የችሎታ እጥረት አለ ማለቴ አይደለም። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩን፣ ልመንህ ታደሰንና አለባቸው ተካን ያየ ሰው ይህን አይልም። ዕቃ የለ፣ የመድረክ ግንባታ የለ፣ ሁለት ሰው ቆሞ በአፍና በፊት ብቻ አዳራሽ ያፈርስ ነበር። በሰዓት ልክ የሚወርድ አነጋገር ነበራቸው። የሳተርደይ ናይት ላይቭ ተዋናዮች እኮ ከካሜራው ጎን በትልቅ ወረቀት የተጻፈላቸውን ነው የሚያነቡት። ዓይናቸውን ተከተሉ፤ እያወሩት ያለውን ሰው ሳይሆን ወረቀቱን ነው የሚያዩት። አንድ ሐሳብ ይዘው ገብተው አምስት ደቂቃ ያንኑ ሲደጋግሙ፣ መውጫው ጠፍቷቸው በሙዚቃ ሲገላገሉም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚመጡትን ጭውውቶች እንቅልፍ የሌለው ሰው ብቻ ነው የሚጨርሳቸው።

የሚበልጡን አሠራሩ ላይ ነው። ሰኞ ሐሳብ ያቀርባሉ። ማክሰኞ ሲጽፉ ያድራሉ። ረቡዕ ሁሉም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ያነባል፤ የማይሆነው ይጣላል። ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልካች ባለበት ሙሉ ልምምድ ያደርጋሉ፤ ሰው ያልሳቀበት ጭውውት ተለቅሞ ይወጣል። እኛ ዘንድ ጭውውት በብዛት የሚፈለገው በዓል ሲደርስ ነው። ስቱዲዮው ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል፤ ቡና ይፈላል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ዘፋኝ ይዘፍናል፤ ኮሜዲያኑ «እስቲ አንዴ አስቀን» ተብሎ በመሀል ይጠራል። በዚያ ላይ ስፖንሰሩ አለ። የስፖንሰሩ ስም ጭውውቱ ውስጥ ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ሰውየው ከሚስቱ ሊታረቅ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌው በመሀል ስለ ባንክ ቁጠባ ሲመክር አይቻለሁ። አሜሪካኖቹ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረው የውሸት ማስታወቂያ እየሠሩ በማስታወቂያ ይስቃሉ። የኛዎቹ ማስታወቂያውን ጭውውት ያደርጉታል። በማስታወቂያ ገንዘብ የሚኖሩት ሁለቱም ናቸው።

«ሐበሻ ሹም ላይ መሳቅ አይችልም» የሚለው ሐሜት ግን አይዋጥልኝም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በኛ አቆጣጠር የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው፣ ከመቶ ዓመት በፊት የጻፉት የመጀመሪያው የአገራችን ዘመናዊ ቴያትር ኮሜዲ ነበር። የአውሬዎች ኮሜዲያ ይባላል። በእንስሳ አፍ የቤተ መንግሥቱን ብልሹ አሠራር ሸነቆጡ። መኳንንቱ አዩት፤ ገባቸው፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ቴያትራችን አንድ ብሎ የጀመረው በመታገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንሸፍን ኖርን። አዝማሪው በሰምና ወርቅ ሸፈነ። ፋና ቴሌቪዥን ላይ የታየው «ምን ልታዘዝ» አገሪቱን ካፌ አድርጎ ሸፈነ። በረከት በላይነህ የጻፈው፣ ግሩም ዘነበ ብቻውን የሚጫወተው «እያዩ ፈንገስ» እውነቱን በዕብድ አፍ ሸፈነ።

ሽፋኑን የሚንቁ ወዳጆች አሉኝ። ፍርሃት ነው ይላሉ። ፍርሃትም አለበት፤ አልክድም። ነገር ግን ሽፋን ያለው ቀልድ አንድ ነገር አለው፤ ሹሙ መጥቶ አጠገቡ ሊቀመጥ አይችልም። የካፌው ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ማን ይመጣል? ፔለን መጥታ የተወዛወዘችው ስሟ ስለተጠራ ነው።

የእነሱም ነፃነት ቢሆን በግንብ የታጠረ አይደለም። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ኤቢሲ የጂሚ ኪመልን የምሽት ፕሮግራም በተናገረው ነገር የተነሳ ለቀናት ከአየር አወረደው። የብሮድካስት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሊቀመንበር በአደባባይ ከዛቱ በኋላ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሰው ጮኸ፤ በሳምንቱ ሰውየው ተመልሶ በዚያው ጉዳይ ቀለደ። እኛ ጋ ከአየር የወረደ ፕሮግራም ለምን ወረደ ብሎ የሚጠይቅ እንኳ የለም፤ «ተጠናቀቀ» ይባላል።

አንድ ነገራቸው ግን በእውነት ያስቀናኛል። በ2013 ፕሮግራሙ አንዲት ጥቁር ሴት ተዋናይ አልነበረችውም፤ ወቀሳው በየቦታው ተነሳ። ኖቬምበር ላይ ጥቁሯ ተዋናይ ኬሪ ዋሽንግተን እንግዳ ሆና መጣች። የመክፈቻው ጭውውት ላይ ሚሼል ኦባማን ሆና ትወጣለች። ኦፕራ መጣች ሲባል ልብስ ልትቀይር ትሮጣለች። ቀጥሎ ቢዮንሴ ትፈለጋለች፤ ሌላ ሰው የለምና እንደገና እሷው ትሮጣለች። በራሳቸው ጉድለት ሳቁ። በጃንዋሪ ሳሺር ዛማታን ቀጠሩ። እስቲ የበዓል ፕሮግራም አዘጋጅ በራሱ ስፖንሰር ላይ አንድ ጭውውት ይሥራና ልይ።

እኛ ዲያስፖራዎችም በራሳችን ጉድለት መሳቁ ላይ የለንበትም። አገር ቤት የሚሠራው የዲያስፖራ ገጸ ባሕርይ ይታወቃል። ኮፍያውን ገልብጦ የታሸገ ውኃ ይዞ ይመጣል፤ በሁለት ቃል መሀል «ኦ ማይ ጋድ» ይላል። እዚህ ሆነን ስናይ እንቆጣለን፤ ተሰደብን እንላለን። ባላገሩ ላይ ሲሳቅ ያልተናደደ ሁሉ እዚህ ጋ ክብሩ ይነካል። እኔ ግን ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ሰነፍ ሥራ ነው። ጸሐፊዎቹ አንዳችንን አስቀምጠው አንድ ሰዓት ቢጠይቁ የሚያገኙት ይበልጣል። ሌሊት ኡበር ነድቶ፣ ቀን መጋዘን ሠርቶ፣ በሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ይዞ የሚገባውን ሰውዬ ይሥሩልን። ቦሌ ሲደርስ ቪ ኤይት ይከራያል። ሠፈር ሲገባ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉት «ቢዝነስ ላይ ነኝ» ይላል። ስልኩ ይጮሃል፤ ከመጋዘኑ ነው፤ ሰኞ የማይገባ ከሆነ እንዳይመጣ የሚነግሩት። በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚሰማው የለም ብሎ ይለምናቸዋል። የአክስቱ ልጅ ደግሞ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ አጠገቡ ተቀምጣለች።